ሟች ከሦስት ቀን በፊት እንዲያሳውቅ ስለ መወሰኑ

አንድ ሰሞን ሀርጌሳ ውስጥ ሰዎች የሚሞቱበትን ቀን እኔ ዘንድ ማስመዝገብ ጀምረው ነበር። ሐኪም አይደለሁም። ጠንቋይም አይደለሁም፤ አላህ ይጠብቀኝ። የቤት ልስን የምሠራ ሰው ነኝ። ግን እጄ ላይ አንድ መዝገብ ነበር፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚያ መዝገብ ነው።

ቆይ፣ እንዲህ አይጀመርም። ከወንድሜ ልጀምር።

ወንድሜ እንድሪስ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። «ይበልጠኝ ነበር» ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሰው ሲሞት ታላቅነቱ ይቀራል እንዴ? ስለዚህ ይበልጠኛል። አያሃ ሰፈር ብትሄዱና ቀጥ ያለ ግድግዳ ብታዩ የእንድሪስ ነው። አጠገቡ ሆዱን ነፍቶ የቆመው የኔ ነው። እሱ ውሃ ልኩን ከቦርሳ ሳያወጣ በዓይኑ ይለካ ነበር። እኔ ውሃ ልክ ይዤም፣ ቱምቢ አንጠልጥዬም፣ ቢስሚላህ ብዬም፣ ግድግዳው ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

ይህን የማወራው ስለ ግድግዳ ብዬ አይደለም። ወንድሜ የሚያስተካክለው ግድግዳ ብቻ አልነበረም። ሰውም ያስተካክል ነበር፤ በጽሑፍ።

እኛ መሐመድ ሞጌ ሰፈር የምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች እድር አለን። ከወሎ የመጣን አለን፤ ከጅማ የመጡ አሉ፤ ድሬዳዋ አድገው የተመለሱ የዚሁ አገር ልጆችም አሉ። በሰው አገር ስትሞት የሚያጥብህና የሚሸኝህ ያስፈልጋል፤ እድሩ ለዚያ ነው። አንድ ድንኳን፣ አርባ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሦስት ትልልቅ ድስትና አንድ ክብ ማኅተም አለው። ወንበሮቹ ከጎረቤት ወንበር እንዳይቀላቀሉ ጀርባቸው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። በወሩ የመጀመሪያ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ከእትዬ ዘሃራ ምግብ ቤት ጀርባ ባለው ክፍል እንሰበሰባለን። የእድሩ ጸሐፊ እንድሪስ ነበር።

ቃለ ጉባኤ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ዓይኑን ገልጦ እንዲያንቀላፋ የተፈጠረ ነገር ነው። የወንድሜን ለመስማት ግን አባል ያልሆነ ሰው ሁሉ በር ላይ ይቆም ነበር። አንዱን እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «ስብሰባው ስምንት ሰዓት እንዲጀመር በተወሰነው መሠረት ዘጠኝ ተኩል ላይ በሰዓቱ ተጀመረ። ጸሐፊው ዘጠኝ ከሩብ ላይ ደርሶ፣ ሲጠብቅ የቆየ ሰው መስሎ ተቀምጧል።» ይህን ሲያነብ ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል የለም። ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ ቀና ብሎ፣ «ምን ሆናችሁ?» እንደሚል ሰው ያያል። ከዚያ ይቀጥላል።

በሚቀጥለው ወር ስምንት ሰዓት ላይ መቀመጫ ጠፋ። ማንም አልተቆጣም፤ ማንም አልተቀጣም። እንግዲህ ስላቅ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሰውየው ስቆ ሳይጨርስ ራሱን አስተካክሎ ያገኘዋል። ይህን ያደረገው ወንድሜ ነው። እኔ ደግሞ የሱ ወንድም ነኝ። ሰው የሚጠራኝም እንደዚያው ነው፤ «የእንድሪስ ወንድም»። ስሜን የሚያውቀው መታወቂያዬ ብቻ ነው፤ አልከፋኝም።

እንድሪስን ሦስት ቀን አተኮሰው። በአራተኛው ቀን ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልን። አሁን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ስብሰባ የመጀመሪያው ጉዳይ መዝገቡ ነበር። አብዲ ተነሳ። አብዲ ድሬዳዋ ያደገ የሀርጌሳ ልጅ ነው። አየር ማረፊያው አካባቢ አንድ የዕቃ ማጓጓዣ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሁሉን ነገር ፎርማት ማስያዝ ግን ይወዳል።

«ወንድሞቼ፣ በእጅ መጻፍ ይብቃን» አለ። «እኔ ቴምፕሌት አለኝ። ቀን፣ አጀንዳ፣ ውሳኔ፤ በቃ አንድ ገጽ። ለሁላችሁም በቴሌግራም እልካለሁ።»

«ቀልዱስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ሪፖርት ላይ ምን ቀልድ አለ?»

እትዬ ዘሃራ የሻይ ትሪ እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው «መዝገቡን ወንድሙ ይያዘው» አሉ።

«ይጽፋል ወይ?» አሉ ሐጂ ኑሩ፣ ሊቀመንበራችን። ሐጂ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ዕቃም ሰውም ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይሠራል ወይ?» ብለው ነው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እ... እጽፋለሁ» አልኩ። ውሸቴን ነበር። ከማመልከቻ ሌላ ጽፌ አላውቅም፤ ማመልከቻዬንም የተቀበለው የለም።

«እንግዲያው ሦስት ስብሰባ እንየው» አሉ ሐጂ። «ካልሆነለት ይህ መዝገብ ይዘጋና አብዲ በራሱ መንገድ ይቀጥል።»

ቤት ገብቼ መዝገቡን ገለጥኩት። የወንድሜ ጽሑፍ ግማሽ ገጽ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ነጭ ነው። ወይ የኔ ጽሑፍ ከሱ ጽሑፍ ሥር ይቀጥላል፣ ወይ መዝገቡ እንደዚያ ግማሽ እንደሆነ ሳጥን ይገባል። እኔን የያዘኝ ነገር ይኸው ነበር።

ስላቅን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። አሥረኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ መምህራችን ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጻፉልን። በቃሌ ይዤ ከአሥር ዘጠኝ አገኘሁ። ግን ትርጉም ማወቅ ሌላ፣ መጻፍ ሌላ። ስለ ዋና አንብቦ በርበራ የባሕሩ ዳርቻ ላይ እንደ መቆም ነው፤ ውሃው ያነበብከውን አይጠይቅህም።

አሰብኩ። ወንድሜ ሲያነብ ሰው ይስቃል። ሰው የሚስቀው ደግሞ ሌላ ሰው ሲዋረድ ነው። ስለዚህ ላዋርድ። ጻፍኩ፦ «የሊቀመንበሩ ሆድ ስምንት ሰዓት ላይ ገባ፤ ሊቀመንበሩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተከተሉት።» ብቻዬን ተንከተከትኩ። ሲጣፍጠኝ ጨመርኩበት፦ «እትዬ ዘሃራ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ሻዩን እስኪያደርሱ ሻዩ ሸበተ።»

ጁምዓ ደረሰና አነበብኩት። ሐጂ ኑሩ ሸሚዛቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች ሳቡ። እትዬ ዘሃራ ትሪውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እግሬን መኪና ነው የሰበረው» አሉ። «እንዲህም አድርጎ ያቆየልኝ አላህ ነው። ቅሬታ ካለህ ወደሱ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ግን የዚያን ክፍል ወለል የሠራው እንድሪስ ነው፤ ስንጥቅ የለውም።

ሰው ሲወጣ ይቅርታ ልጠይቃቸው ወደ ጓዳ ገባሁ። ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። ዞረውም አላዩኝ።

«ስለኔ እንድሪስ ያልጻፈ መሰለህ?» አሉ። «እኔ እኮ የማልፈልገው ሰው ሲመጣብኝ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ማንም ሳይደውልልኝ የማወራ ሰው ነበርኩ። ምን ብሎ ጻፈ? ‹እትዬ ዘሃራ ከተዘጋ ስልካቸው ጋር አስቸኳይ ውይይት ላይ ስለነበሩ ኮሚቴው በአክብሮት ጠበቃቸው።› ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተውኩታ።»

«ታዲያ የኔና የሱ ልዩነቱ ምንድነው፣ እትዬ?»

አንድ ብርጭቆ ደፍተው አስቀመጡ። «እሱ ያደረግኩትን ጻፈ፤ አንተ የሆንኩትን ጻፍክ። የማደርገውን መተው እችላለሁ። እግሬን የት ልተወው?»

ይህ ሰሌዳው ላይ አልነበረም። መምህራችን ብርጭቆ የሚያጥቡ ቢሆኑ ኖሮ ከአሥር አሥር አገኝ ነበር።

በዚያው ወር አንድ አባላችን ሐሙስ ከሰዓት፣ እዚህ አገር የሳምንቱ ዕረፍት በሚገባበት ሰዓት፣ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የተገኘነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። አንዱ ሠርግ ነበረበት፤ አንዱ ቤተሰቡን ይዞ በርበራ ወርዷል። አንዱማ ስደውልለት «ሐሙስ ከሰዓት ማን ይሞታል?» አለኝ። ይህን በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ደሜ ፈላ። ግን አሁን ብልህ ሆኛለሁ፤ የሰው እግርና ሆድ አልነካም። የሰው ሥራ ነው የምነካው፤ በዚያ ላይ እንደ ወንድሜ ሳልስቅ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«በአባላት ሞት ምክንያት የሌሎች አባላት ፕሮግራም እየተስተጓጎለ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ማንኛውም አባል ከመሞቱ አንድ ሳምንት በፊት በአካል ቀርቦ በጸሐፊው ዘንድ እንዲያስመዘግብ፤ ሐሙስ ከሰዓትና ጁምዓ እንዳይሞት፤ ድንገት የሞተ ደግሞ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ተወሰነ።»

በሁለተኛው ስብሰባ ባነበብኩ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ከመጀመሪያው ጽሑፌ በኋላ ሰዉ እኔን መስማት አቁሟል ለካ፤ ግማሹ ስልኩ ላይ ነው። ግማሹ ደግሞ ማሰብ የጀመረ ይመስላል። አንድ ሰው እጁን አወጣ።

«ሳምንት አይበዛም? ሰው ሥራ አለው። ሦስት ቀን ይሁን።»

«ልክ ነው፣ ሦስት ቀን ይበቃል» አለ ሌላው።

ሐጂ ኑሩ ጢማቸውን ዳሰሱ። «አጀል፣ የሞት ቀን፣ በአላህ እጅ ነው» አሉ። እፎይ አልኩ፤ ገባቸው አልኩ። «ስለዚህ ‹ኢንሻአላህ› የሚል ቃል ይግባበት። ተቃውሞ ያለው?»

ተቃውሞ ያለው አልነበረም። እጅ ወጣ፤ ጸደቀ፤ ማኅተም ተመታበት። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ሰው ቢናገር ይጠራጠራል፤ ማኅተም ከተናገረ ግን አለቀ። አብዲ በስልኩ ፎቶ አነሳውና አሳጥሮ ለሁሉም በቴሌግራም ላከ፦ «ውሳኔ፦ ሞት። የሦስት ቀን ቅድመ ማስታወቂያ። ኢንሻአላህ።»

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። አንዲት ሴት ናት። ባሏን ሆዱን አሞታል። «ለጥንቃቄ ይመዝገብልኝ፤ ከዳነ ይሰረዛል አይደል?» አለችኝ። ቀጥሎ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ደወለ፤ በየጉዞው መመዝገብ አለበት ወይስ አንዴ ተመዝግቦ ይበቃዋል? በሦስተኛው ቀን በርበራ ያሉ ወገኖቻችን ደንቡን ለራሳቸው እድር ስለወደዱት ማኅተም ያለበት ቅጂ እንድልክ ጠየቁ። የወንድሜ ስላቅ ከመሐመድ ሞጌ ወጥቶ አያውቅም። የኔ በርበራ ወደብ ደረሰ። ትንሽ ኮራሁ፤ ልዋሽ አልችልም።

በአራተኛው ቀን አያሃ ልስን ላይ ነኝ። ጋሽ ሙሄ ከዘራቸውን ይዘው ዳገቱን ወጡ። ጋሽ ሙሄ የእድሩ አንጋፋ ናቸው፤ ያን ያህል መንገድ በእግራቸው ከሄዱ ቆይቷል። ላባቸውን ጠረጉና የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ።

«ረቡዕ ይመችሃል?» አሉኝ።

«ለምኑ፣ ጋሽ ሙሄ?»

«ለመሞት።»

በእጄ የያዝኩት ልስን እግሬ ላይ ወደቀ።

«ጋሽ ሙሄ፣ እሱ እኮ... እሱ እኮ ስላቅ ነበር።»

«ምን አውቅልሃለሁ። ማኅተም አለው።»

ማስረዳት ጀመርኩ። ስላቅን ማስረዳት ያልደረቀ ልስን በጣት እየነኩ «ደረቀ ወይ?» እንደማለት ነው፤ በነካችሁት ቁጥር ጉድጓድ ይቀራል። ስለ ሐሙሱ ቀብር ነገርኳቸው፤ ስለ ቀሩት ነገርኳቸው፤ ስለ አሥረኛ ክፍል ሳይቀር ነገርኳቸው።

«ገብቶኛል እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ያነበብከው ቀን ነው የገባኝ። ከቀሩት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ አፈርኩ።»

«ታዲያ ለምን ረቡዕ አሉኝ?»

«ስላቅ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ እንዴ?»

ስቀው ሲጨርሱ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «አንድ ነገር ግን ጎደለው። እንድሪስ ቢሆን መጀመሪያ የሚያስመዘግበው ራሱን ነበር። አንተ ከላይ ሆነህ ጻፍከው፤ እንደ ዳኛ። ከላይ የመጣ ነገር ደግሞ ደንብ ይመስላል። ሰው ምን ያድርግ፣ አጸደቀው።»

ጋሽ ሙሄ ወረዱ። እኔ ግድግዳው ፊት ቆሜ ቀረሁ። «ድንገት የሞተ ምክንያቱን ያስረዳ።» ይህን የጻፍኩት ከቀብር ለቀሩት አባላት አልነበረም። ለአንድ ሰው ነበር። ሳይነግረኝ ለሄደ ሰው።

ያን ሳምንት ሥራ ላይ ብዙ ልስን አበላሸሁ። ግን ምን እንደምጽፍ አወቅኩ። እድሩ የእንድሪስን ቀብርና የሦስት ቀን ለቅሶውን በአስቸኳይ ስብሰባ ነበር ያሰናዳው። የዚያ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የለም። ማን ይጻፈው? ጸሐፊው ከፈን ውስጥ ነበር።

ሦስተኛው ስብሰባ ደረሰ። አብዲ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ሐጂ ኑሩ «ይህ ሦስተኛው ነው፤ ታውቃለህ» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። ተነሳሁ። እንደ ልማዴ እየተንተባተብኩ አነበብኩ።

«አጀንዳ አንድ። ጸሐፊው እንድሪስ ያለ ፈቃድ ቀርቷል። በደንቡ መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ማስጠንቀቂያ የሚጽፈው ጸሐፊው ስለሆነ፣ እሱም ስለቀረ፣ ጉዳዩ በይደር ተቀመጠ። የሦስት ቀን ማስታወቂያ ደንብን በተመለከተ፣ ደንቡ የወጣው የሟች ወንድም በሟች ላይ ስላኮረፈ ብቻ መሆኑ ስለተደረሰበት ይሻር።»

ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ተነፈሰ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም።

«አጀንዳ ሁለት። የሟች ወንድም። ሟቹ ‹አተኮሰኝ› ባለው ቀን፣ ‹እሺ፣ ይህቺን ግድግዳ እንጨርስና› ብሎ መልሷል። ግድግዳው አልቋል። ጠማማ ነው።»

መስመሩን በጣቴ ተከትዬ ቀጠልኩ።

«በለቅሶው ላይ ‹አብሽር፣ አይዞህ› ላለው ሁሉ ‹ወዐለይኩሙ ሰላም› ሲል ውሏል። በሁለተኛው ቀን ወንበር ቢቆጥር ሠላሳ ዘጠኝ ሆነበት። ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ሻይ ከምትሸጥ እናት ላይ ጀርባው አረንጓዴ የሆነ ወንበር፣ በማይችለው ሶማልኛ ተሳድቦ ነጥቆ፣ እንደ ጀግና ተመለሰ። አርባኛው ወንበር ከድንኳኑ ጀርባ ተገኘ። የሴትዮዋ ወንበር የራሷ ነበር። ቀለሙን የሰጣት ሟቹ ነው፤ ከእድሩ ወንበሮች የተረፈውን። ዝም ብላ የሰጠችውም ‹ወንድሙ ሞቶበታል፣ ይውሰደው› ብላ ነው። ፔርሙስ ሙሉ ሻይ ይዛ ለቅሶ ስትደርስ ይኸው ሰው በወንበሯ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሷ ቆማ ቀዳችለት።»

አሁን ሳቁ መጣ። እትዬ ዘሃራ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ግድግዳ ተደገፉ። ጋሽ ሙሄ ከዘራቸው ወደቀባቸው። እኔ ግን ቀና ብዬ፣ ምን ሆናችሁ እንደሚል ሰው አየኋቸው። አላውቅም ከየት እንደመጣልኝ። ቀጠልኩ።

«አጀንዳ ሦስት። በሰደቃው ቀን ሊቀመንበሩ ስለ ሟቹ ሁለት ቃል ሊናገሩ ተነሱ። ሁለቱ ቃላት ‹እንድሪስ› እና ‹እኔ› ነበሩ። ከዚያ ወደ ሀርጌሳ የመጡበትን መንገድ ከደሴ ጀመሩ። ጅግጅጋ ሲገቡ ሩዙ ቀዘቀዘ። ቶጎ ውጫሌን ተሻግረው ሀርጌሳ ሲደርሱ ሟቹን የሚያስታውስ ሰው ስላልነበረ፣ ሊቀመንበሩ በሰላም ስለገቡ ዱዓ ተደረገ።»

ሳቁ ፈነዳና መሐል ላይ ተቆረጠ። ሁሉም ወደ ሐጂ ኑሩ ዞረ። ሐጂ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። መዝገቡን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት፤ ከኔ የሚቀበል ካለ እስኪመጣ ድረስ።

ሐጂ እጃቸውን አወጡ። ሊቀመንበሩ ናቸው፤ ለመናገር እጅ አውጥተው አያውቁም።

«ማሻሻያ አለኝ» አሉ።

«ይናገሩ፣ ሐጂ» አልኩ።

«ሩዙ የቀዘቀዘው ጅግጅጋ ስገባ አይደለም። ገና ድሬዳዋ ሳለሁ ነው። እያየሁት ነበር።» ጢማቸውን ዳሰሱ። «ስለ እሱ መናገር አቃተኝ። ስለ መንገዱ ማውራት ቀለለኝ። ይታረም።»

አብዲ ኮምፒዩተሩን ቀስ ብሎ ከደነው። እስክሪብቶ አውጥቶ አቀበለኝ። «ጅግጅጋ» የሚለውን ሰረዝኩና ከወንድሜ ጽሑፍ ባልራቀ ቦታ «ድሬዳዋ» ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ አላውቅም።

«በል የዛሬውንም ጻፍ» አሉ ሐጂ ኑሩ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። «ሊቀመንበሩ አለቀሱ ብለህ እንዳትጽፍ ግን።»

«ጽፌዋለሁ፣ ሐጂ» አልኩ።